በተረትሽ ውስጥ የነበሩት እሳቸው

…ውኃው በረቱ ደጅ ደርሶ ላሞቹን ወደ ጉብታው ነድተን የተመለስን ቀን ይመስለኛል። የቀሚስሽን ጫፍ ጨምቀሽ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልሽና፣ ተረት ልንገርዎት እንኳ ሳትይ ጀመርሽው። «እሳቸው መጡ።» ማን? አልኩሽ። ቀጠልሽ።

ዓለሜ፣ ሞት ከለየን ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። ርብ ሞልቶ ፈስሷል፤ ፎገራ እንደገና ውኃ ለብሷል። ደጃፋችን ላይ ቆሜ ሳይ ሜዳው የት እንዳለቀ፣ ጣና የት እንደጀመረ አይለይም። ቡሬዋ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ወረታ ገበያው ዳር አዳዲስ የቆርቆሮ ቤቶች ቆመዋል። ዝናብ ሲወርድባቸው ጩኸታቸው እስከ ትምህርት ቤቱ ስለሚደርስ ተማሪዎቼ የምናገረውን አይሰሙም። አልከፋኝም። ምን እንደምናገር እኔም የማላውቅበት ጊዜ በዝቷል።

የምጽፍልሽ ግን ስለ እሳቸው ነው።

ሜዳው በውኃ ሲሞላ እሳቸው ከማዶ ይነሣሉ፣ ትይ ነበር። ያለ ታንኳ በውኃው ላይ እየተራመዱ ይመጣሉ፤ እግራቸው አይርስም። አንዲት ሴት ቤት ይገባሉ። ጀርባቸውን ሰጥተዋት ይቀመጣሉ፣ የቀረበላቸውን ይበላሉ፣ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ፊታቸውን አይታው አታውቅም። ውኃው ሲጎድል ይሄዳሉ። በየክረምቱ አንድ ነገር ትጨምሪበታለሽ እንጂ ማን እንደሆኑ አትናገሪም።

ስንቱን ተከራከርን! እኔ የሞቱ መነኩሴ ናቸው አልኩ። «የሞተ ሰው ሽሮ አይበላም» አልሽ። እንግዲያው ጋኔን ናቸው አልኩ። ሳቅሽ። «ኧረ ጋኔንስ ያወራል!» የውኃ መንፈስ? «የውኃ ቢሆኑ እግራቸው በራሰ።» እሳቸው ማለት ወንዱንም ሴቱንም ይሸፍናልና፣ አንድ ምሽት ደግሞ አሮጊት ናቸው ብዬ ድርቅ አልኩ። «የኔታ፣ መጽሐፍ የሚያነቡት እርስዎ! ይድረሱበት እንጂ» ብለሽ አላገጥሽብኝ።

አንድ ጊዜ እኅትሽ ጥሩወርቅ አብራን ስትሰማ፣ ሴትዮዋ ለምን አታባርራቸውም? አለች። አንቺ እሳቱን ቆሰቆስሽ። «የት ይሂዱ?» አልሽ። ከዚያ በኋላ ያን ምሽት ተረቱ አልቀጠለም።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጥሩወርቅ ቤታችን ነበረች። ካንቺ ወዲህ እየመጣች ቤቱን ታይልኛለች። ትንሿን ልጇን ይዛ ነበር፤ ልጅቱ ስትዘፍን ከውጭ ሰማሁ። ኮቴዬ ሲሰማ እናቷ፣ «እረፊ አንቺ! እሳቸው መጡ» አለቻት።

ዘፈኑ ተቋረጠ።

ደጅ ላይ ቆምኩ። በአገራችን ሴት ባሏን በስሙ አትጠራም። እሳቸው ትላለች፤ ታላቅ እኅቷ ያገባችውንም እንደዚሁ። እናቴ አባቴን እስኪቀበር ድረስ እንዲያ ነበር የምትለው። ይህን ሳላውቅ የኖርኩበት ቀን የለም። እያወቅሁት ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ክረምት መነኩሴ፣ ጋኔን፣ አሮጊት ስል የኖርኩት። አንቺ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ። ፊት ለፊቴ ነበር የምትቀመጪው? አላስታውስም።

ወደ እግሬ አየሁ። ጫማዬ በጭቃ ተለውሷል፣ ውኃ ይተፋል። እኔ አይደለሁም፣ አልኩ በልቤ። የእሳቸው እግር አይርስም። ትንሽ ቀለለኝ። ወዲያው ግን ማታ ማታ ስገባ ጫማዬን የምታወልቂልኝ፣ እግሬን አጥበሽ በነጠላሽ ጫፍ የምታደርቂው አንቺ እንደነበርሽ ትዝ አለኝ። ገበታ ላይ ስቀርብ እግሬ ደረቅ ነበር።

ማወቅ የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያቺ ሴት እሳቸውን ትጠብቃቸዋለች ወይስ ትፈራቸዋለች? ከእኔ ጋር በኖርሽበት ቤት ውስጥ ብቻሽን ነበርሽ? ስትተርቺው ትስቂ ነበር፤ ይህን ይዤ እጽናናለሁ። ግን ታመሽም ትስቂ ነበር። «የት ይሂዱ?» ያልሽውንም አንዳንድ ቀን ርኅራኄ ነው እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን መታከት ይመስለኛል። ምናልባትም መነኩሴ ናቸው። ተረት ተረት ነው።

የማደርግልሽን ልንገርሽ። ውኃው በመጣ ቁጥር ተረትሽን ድምፄን አውጥቼ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ አንቺ ዝም ያልሽበት ቦታ ዝም እያልኩ። አፌ ቃል ማውጣት እስኪያቅተው ድረስ በዚህ ቤት ውስጥ ትሰሚያለሽ።

ያን ዕለት ግን፣ ደጅ ላይ ብዙ ከቆምኩ በኋላ ገባሁ። ልጅቱን፣ ዝፈኚ እሙዬ፣ ዝፈኚ አልኳት። በእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። ሌላ ነገር ልላት ፈለግሁ። ስለ ጥጃዋ፣ ስለ ግንባሯ ነጭ ልነግራት አሰብኩ፤ ቃሉ እስኪመጣልኝ ዘገየሁ። ጥሩወርቅ ነጠላዋን አጣፋች።

«ደክሞዎት ይሆናል፤ እኛ እንሂድ» አለች።

ልጅቱን እጇን ይዛ ወጣች። በሩ ተዘጋ።