ለእህቴ እንባ ለተጨነቁት ለ«ሁሉ ይታይ» ገጽ ባለቤት

ለተከበሩ የ«ሁሉ ይታይ» ገጽ ባለቤት፣
ባሉበት።

ስምዎን ስለሰወሩብን አቶ ወይም ወይዘሮ ብዬ ለመጥራት ባልችልም፣ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ዓይንዎን፣ ቀን ከሌት የሰው ቤት ሲመለከት የሚውል ነውና፣ እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። እኛም እርስዎ እንዳደረጉን አለን።

ፍሬሕይወት ዓምደ ሚካኤል እባላለሁ፤ ሞላሌ ገበያ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። እኔን አያውቁኝም። እህቴን ሰብለወንጌልን ግን ከእኔ የበለጠ እንደሚያውቋት ከገጽዎ ተረድቻለሁ። አዲስ አበባ ትሠራበት በነበረው ተከታታይ ድራማ ላይ አማቷን ከቤት የምታባርር ክፉ ምራት ሆና ትጫወት ስለነበር፣ ተከታዮችዎ በየሳምንቱ ሲሰድቧት ቆይተዋል። እሷም «ሥራዬን ብችልበት ነው» እያለች ትስቅ ነበር። መሳቅ ያቃታት አባታችን ሲያርፉ ነው። ስለዚህም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የአባታችንን ቀብር ለአገር ስላሳዩልን አመሰግናለሁ። አባታችን ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በሕይወት ሳሉ ከመንዝ ውጭ የሚያውቃቸው አልነበረም። እርግጥ በቪዲዮዎ ላይ እሳቸው የሉበትም፤ የሚታየው የእህቴ ፊት ብቻ ነው። ከበላዩም «አባቷን ስትቀብር አንዲት እንባ ያላፈሰሰች ተዋናይት!» ብለው ጽፈዋል። ቆርጠው ያስቀሩትን እኔ ልንገርዎ፤ እናታችን ወይዘሮ የትምወርቅ ራሳቸውን ስተው ወደ ጉድጓዱ ሲያዘነብሉ፣ ሰብለ ከወገባቸው አጥብቃ ይዛቸው ነበር። ሁለቱም እንዳይወድቁ አንዷ መጽናት ነበረባት።

፪. ከቪዲዮው ስር የተጻፈውን ሁሉ፣ «ድሮም አውሬ ናት» ካለው ጀምሮ «አባቷን ራሷ ሳትገድለው አትቀርም» እስካለው ድረስ አንብቤዋለሁ። አባታችን አዲስ አበባ ሕክምና ላይ ሳሉ ሰብለ ከአልጋቸው አጠገብ መሬት ላይ እየተኛች እንዳስታመመቻቸው፣ እኔም በአቅሜ ጻፍኩ። «ስንት ከፈለችሽ?» የሚል መልስ ደረሰኝና ወዲያው ከገጽዎ ታገድኩ። ስለ ዕረፍቱ እግዜር ይስጥልኝ።

፫. ለቀስተኛ ስላበዙልን ላመስግንዎ። ቀየት ከሚባል ሩቅ ስፍራ ድረስ የማናውቃቸው ሰዎች መጡልን። «ነፍስ ይማር» ካሉ በኋላ ወደ ሰብለ ጠጋ ብለው «ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ፎቶ ብቻ» ይሏት ነበር። ኮራች እንዳትባል እሺ አለች። ፎቶው በነጋታው «በአባቷ ድንኳን ፎቶ የምትነሳዋ» ተብሎ በገጽዎ ወጣ።

፬. አቤት ልል ወደሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ነበር። ኃላፊው በአክብሮት አስቀመጡኝ።

«ማን እንደሚጽፈው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«ታዲያ ማንን ጠርተን እንጠይቅ?»

ልወጣ ስነሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ ግን፣ እውነት ለምን አላለቀሰችም?» አሉኝ። ለካ እሳቸውም የእርስዎ ተከታይ ኖረዋል።

፭. እናታችን ማንበብ አይችሉም፤ የሚባለውን የሚሰሙት ከጎረቤት ነው። የአርባው ዕለት ጠዋት ሰብለን ወደ ጓዳ ጠሯት።

«ልጄ፣ እባክሽ ዛሬ ሰው ፊት አልቅሺላቸው። ስምሽ ሲነሳ አንጀቴ አልቻለም።»

ሰብለ እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ፣ «እማዬ፣ አባባን ሳስታምም አልቅሼ ጨርሼስ ቢሆን?» አለቻቸው።

ቢሆንም ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ጸሎተ ፍትሐቱ ሲደርስ አለቀሰች። እንዲያ ዓይነት ድምፅ ከእህቴ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ጸሎቱን የሚመሩት ቄስ አትናቴዎስ እንኳ ደንግጠው አቋረጡት። ለአባታችን ያለቀሰችው ይሁን ለእናታችን ብላ፣ አብሬያት ያደግሁት እኔ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። እርስዎ ግን ወዲያው ለዩት። ማታውን «ትወናዋን አያችሁ? ሽልማት ይገባታል!» ብለው ለጠፉ።

ክቡርነትዎ፣ ከእርስዎ የምጠይቀው የለኝም። ቪዲዮውን ያጥፉልን እንዳልል፣ እርስዎ ቢያጠፉት ሌላው ይዞታል። ይቅርታ ይበሉን እንዳልል፣ ማን ይቅርታ አለን ብለን ለእናታችን እንነግራቸዋለን? እሳቸው ገበያ መውጣት ትተዋል። ሰብለ ድራማውን ለቃ፣ ስልኳን ዘግታ፣ ከእኔ ጋር ቁልፍ ትተክላለች። ሰው ልብስ ሊለካ ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሜትሬን አነሳለሁ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

የተከታይዎ ቁጥር እንዲበዛ፣ የእርስዎም ቤት ሐዘን ሲገባው በሩ የሚዘጋ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ከገጽዎ የታገድኩት፣
ፍሬሕይወት ዓምደ ሚካኤል
ሞላሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት «ተወዳጇ ተዋናይት የት ጠፋችብን? ናፍቃናለች» ብለው መለጠፍዎን አንዲት ጎረቤት በስልኳ አሳየችኝ። ተከታዮችዎም የተሰበረ ልብ ደርድረውበታል። ከልብዎ መሆኑን አልጠራጠርም። ለእህቴ ግን አልነገርኳትም፤ ስድብዎን ለምዳዋለች፣ ናፍቆትዎን ግን አትችለውም።