ለእንግዳ የተጠረገው የቡና መሬት

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለአቶ ወዳጆ፤

እንደምን ከረሙ፣ አባባ? ወገብዎ እንዴት ሆነልዎ? በክረምቱ የያዘዎ ሳልስ ለቀቀዎ? እማዬ ከለቀማው ጋር ጉልበቷ እንዴት ነው? ማሙሽስ ከሰው ጋር መጨቃጨቁን ተወ ወይስ ብሶበታል? ላሚቱ ወለደች? ንቦቹስ ዋንዛው ላይ ደህና ናቸው? ሌላ ጊዜ ቢሆን ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ እቀጥል ነበር። ዛሬ ግን ከናፍቆቱ የባሰ ፍርሃት ይዞኛልና ሰላምታዬ ቢያጥርብዎ አይቀየሙኝ። መነጽርዎን ያድርጉና ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ መጋዙን ከእጅዎ ያስቀምጡልኝ።

መጋዝ እንደተዋሱ የነገረችኝ እማዬ ናት፣ ስልኩ ከመቋረጡ በፊት በተነጋገርንበት ቀን። «ለቀማው ይለቅ እንጂ አባትሽ ቆራጮቹ ሳይመጡ ዛፉን ጥሎ ነው የሚጠብቃቸው» ብላ ሳቀች፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስደውል መስመሩ እንቢ አለኝ። ቢሮ ሆኜ እደውላለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ እደውላለሁ፣ ያቺ የማትሰለቸው የስልክ ሴትዮ ለጊዜው ማግኘት እንደማልችል ትነግረኛለች። በእጄ መጻፌ ስለዚህ ነው። ደብዳቤውን የምታመጣልዎ ረውዳ ትባላለች፣ አንድ ግቢ የምንኖር ልብስ ነጋዴ ናት። ነገ ማለዳ ወደ ጅማ ትነሳለች፣ ቅዳሜ አጋሮ ገበያ ውላ እናንተ ጋ ትደርሳለች። በሌላ ሰው እጅ እንዳትልከው ቃል አስገብቻታለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ባለፈው ሐምሌ ከቢሮአችን ሰዎች መጥተው መሬቱ ላይ ክዳን ያላቸው ጣሳዎች የደፉት፣ በመርፌም አየር እየሳቡ ትንንሽ ብልቃጥ የሞሉት የቡና አፈር ምን ያህል የተቃጠለ አየር እንደሚያወጣ ለማወቅ ነበር። ይህ አየር ሲበዛ ነው ዓለሙን የሚያሞቀው፣ ዝናቡንም የሚያዛባው ይላሉ። ቡናውን የሚገዙት የውጭ ሰዎች አየሩን የማያበዛ ቡና እንፈልጋለን ስላሉ ቢሮአችን ጥናቱን ወሰደ። የእርስዎ ቡና በሰሳና በዋንዛ ዛፎች ሥር ስላለ ባለ ጥላ ተባለ። የጎረቤትዎ የጋሽ ሊካሳ ዛፎች ከተቆረጡ አራት ዓመት ስለሆናቸው የእሳቸው መሬት ጥላ የሌለው ተባለ። ሁለቱ ተለኩና ቁጥሩ ወደ እኔ መጣ። እኔ የተማርኩት ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ነው፣ አስገባሁት። ከእርስዎ መሬት የወጣው አየር ከጋሽ ሊካሳ እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ የሆነውን ያውቁታል። ጥላው መሬቱን ያስተነፍሰዋልና ይሳሳ የሚል ወረቀት ወደ ማኅበራችሁ ተላከ፤ ዛፉን ለሚያሳሳ ሰው አዲስ የቡና ችግኝ እንደሚሰጠውም ተጻፈ። እርስዎም ከልጄ ቢሮ የመጣ ነው ብለው ከሁሉ ፊት ፈረሙ። ከእርስዎ ስም በታች ሠላሳ አንድ ሰው ፈርሟል፣ አባባ። ዝርዝሩ እኔው እጅ ስለገባ የአንዳንዱን የአውራ ጣት አሻራ ሳይቀር አይቼዋለሁ። ያኔ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። አሁን ያንን ወረቀት ገልብጬ ነው የማስቀምጠው።

ባለፈው ሰኞ ለትልቁ ሪፖርት ፎቶ ምረጪ ተባልኩ። የእኛን መሬት ፎቶ ስከፍት መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም በአንዱ ጥግ ላይ የክት ኮትዎን ለብሰው ቆመዋል። ቀጥሎ ዓይኔ ወደ መሬቱ ወረደ። ቅጠል የሚባል ነገር የለበትም። የልጅነት እግሬ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ይሰጥምበት የነበረው ቅጠል ተጠርጎ አጥሩ ሥር ተከምሯል። ከዛፎቹ ሥር ያለው አፈር እንደ ጤፍ ማሳ ለስልሶ ተቆፍሯል። ያን ጊዜ እማዬ በነሐሴ በስልክ ያለችኝ ትዝ አለኝ። አባትሽ እንግዶችሽ ይመጣሉ ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ጫካ ሲቆፍርና ሲጠርግ ውሎ ወገቡን ይዞ ተኛ ብላኝ ነበር። ስቄ ነበር የተውኩት። ሰኞ ዕለት ግን ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ለምን እንደፈራሁ እንዲገባዎ ሰዎቹ ያስረዱኝን በእኛ አነጋገር ልጻፍልዎ። አፈር ይተነፍሳል። ውስጡ ያሉት የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ቅጠሉን ይበላሉ፣ ሥሩም አብሮ ይተነፍሳል፣ የተቃጠለው አየር የሚወጣው ከዚያ ነው። ባለ ጥላ አፈር ሳይነካም ቢሆን ጥቂት በርከት አድርጎ ሊተነፍስ ይችላል፣ ግን የሚወድቀው ቅጠል የወጣውን ይመልስለታል። አፈሩ ሲቆፈር ደግሞ ለዓመታት የታመቀው ሁሉ ክዳኑ እንደተከፈተ ድስት በአንድ ጊዜ ይተናል። ሰዎቻችን ጣሳውን የደፉት እርስዎ ዶማውን ባስቀመጡ ማግሥት ነው። የጋሽ ሊካሳን መሬት ደግሞ እሳቸው ታመው ስለነበር ያን ክረምት ማንም አልነካውም። የእሳቸው አፈር ትንሽ የተነፈሰው ጤነኛ ሆኖ አይደለም፣ የሚተነፍሰው እያለቀበት እንጂ። የለካነው ጥላውን ሳይሆን የእርስዎን ዶማ ነው።

እርስዎን ግን ለመውቀስ አይደለም ይህን ሁሉ የምጽፈው። ማን እንዳስቆፈረዎ አውቃለሁ። ለመለካት ስንሄድ ገበሬው መሬቱን እንዳይነካ ቀድሞ አይነገረው የሚል ደንብ አለን። እኔ ደንቡን እያወቅሁ ሰኞ ማታ ደውዬ ሰዎቹ ሐሙስ ይመጣሉ፣ አደራዎን እንዳያሳፍሩኝ አልኩዎ። እርስዎ እንግዳ ሲመጣ ደጅ ካልተጠረገ እንቅልፍ የማይወስድዎ ሰው ነዎት። ልጅዎ እንዳያሳፍሩኝ ስትል ደጁን ትተው ጫካውን ጠረጉ። እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ በሁለት ቃል መቶ ዓመት የኖረ ዋንዛ ላይ ፈረድኩበት።

ማክሰኞ ነገሩን ለሄኒ ነገርኳት፣ ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ናት። ኦሎምፒያ ካፌ ቁጭ ብለን ማኪያቶዋ እስኪቀዘቅዝ ሰማችኝና «በቃ፣ ዝም በይ፣ ማለቴ፣ ውጤቱ ተልኳል፣ ሰብሚት ሆኗል፣ አሁን ብታወሪ የምትባረሪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም፣ ለእኔ ፈርታ ነው። ከእሷ ተለይቼ ወደ ካዛንቺስ ስመለስ ግን ዝም ማለት እንደማልችል አወቅሁ። የቢሮአችን መስኮት ፊት ለፊት የነበሩት አሮጌ ግቢዎች ፈርሰው ሜዳ ሆነዋል። ስካቫተሩ ቀኑን ሙሉ ያጓራል። እኔ ግን የምሰማው እሱን አይደለም። ወንበሬ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ዋንዛው ሲወድቅ፣ ቀፎዎቹ ሲሰባበሩ፣ ንቦቹ እርስዎ ላይ ሲሰፍሩ ይታየኛል። ምሳዬን ሳልበላ መዋል ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው።

ትናንት ጠዋት ኃላፊያችን አቶ ዘርአይ ቢሮ ገባሁ። ፎቶዎቹን አሳየኋቸው፣ እማዬ ያለችኝንም ነገርኳቸው። አልጮኹብኝም፣ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ፎቶዎቹን ደጋግመው አዩና ገበሬው እንደምንመጣ በምን አወቀ ብለው ጠየቁኝ። አባባ፣ እኔ አላውቅም አልኩ። ምላሴ ቀደመኝ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው በስልክ ወሬ ጥናት አላስቆምም፣ ገበሬው ራሱ መቼ እንደቆፈረና ለምን እንደቆፈረ ጽፎ ይፈርም፣ ሁለት ጎረቤት ይመስክርለት አሉኝ። ወረቀቱ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ከደረሰ የሚቆረጡትን ዛፎች በቀለም የሚለዩትን ሰዎች አስቀራለሁ፣ መሬቱም በበጋ ዳግመኛ እንዲለካ አደርጋለሁ አሉ። ካልደረሰ ግን ሰዎቹ ሰኞ ከሰዓት ይነሳሉ፣ ባለ ሞተር መጋዞቹም በማግሥቱ ይከተሏቸዋል።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህን ነው። ቅዳሜ ረውዳ ስትደርስ ቁጭ ብለው ይጻፉልኝ፣ እሷው እሑድ ይዛልኝ ትመለሳለች። በስንት ቀን እንደቆፈሩ፣ ከየት እስከ የት እንደጠረጉ፣ ቅጠሉን የት እንደከመሩ አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉ። ለእንግዳ ክብር ያደረግሁት እንዴት ጥፋት ይሆናል ብለው እንደሚከፋዎ አውቃለሁ፣ እኔም ሳስበው አልቅሻለሁ። ጥፋት አይደለም። ቢሆንም እውነት ነውና ይጻፉት። እንደምንመጣ ማን ነገረዎ የሚለው ጋ ሲደርሱም ስሜን ይጻፉ። ልጄን ከእንጀራዋ አላፈናቅላትም ብለው ጎረቤት ነገረኝ ወይም አየሁ ሰማሁ እንዳይሉ። አቶ ዘርአይ ሞኝ አይደሉም፣ አንዷ ቃል ውሸት ከሆነች ሌላውንም አያምኑትም። እኔም ትናንት የዋሸሁትን ነገ ጠዋት ገብቼ በራሴ አፍ አስተካክላለሁ። ከሥራ ቢያስወጡኝ ሥራ እፈልጋለሁ፣ አልራብም። የወደቀ ዛፍ ግን መልሼ ላቆምልዎ አልችልም።

ጋሽ ሊካሳን አንዱ ምስክር ያድርጓቸው፣ ሁለተኛውን እርስዎ ይምረጡ። መሬታቸው ከተገለጠ ወዲህ ቡናቸው እንዴት እንደጠወለገ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም፣ ለሌሎቹም እሳቸው ቢነግሯቸው ይሰማሉ። የፈረሙትን ሠላሳ አንዱን ሰዎች እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሰብስቡልኝ። ልጄ ተሳስታለች ይበሏቸው። ቢቆጡ እኔን ይቆጡ።

አንድ የማልደፍረው ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። እርስዎ ሁሌ ከሰው ቀድመው የሚነሱ ሰው ነዎት፣ ለቀማውም ሳያልቅ አልቀረም። ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ዋንዛው ቆሞ ይሁን ወድቆ አላውቅም። ወድቆ ከሆነ ለረውዳ አይንገሯት፣ በአፍ እንድሰማው አልፈልግም፣ ወረቀቱ ላይ ይጻፉልኝ። የቀሩትን ሰሳዎች ግን አይንኩብኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። እማዬ ሆይ፣ በሳቅሽው ሳቅ አልተቀየምኩሽም፣ አንቺ ባትነግሪኝ ይህን ሁሉ ከየት አውቀው ነበር በሏት። ዶማውንና መጥረጊያውን ከአባባ ትደብቅልኝ። ማሙሽን ሰላም በሉልኝ፣ መጋዙን ለባለቤቱ ዛሬውኑ እሱ ይመልሰው። እትዬ ኢፍቱን ባለቤታቸውን ጋሽ ሊካሳን ስላስታመሙ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በሉልኝ። ረውዳን ያለ ምሳ እንዳትሸኟት፣ ለእኔ ስትል ነው መንገዷን ያራዘመችው።

ዳግመኛ ለመለካት የሚመጡ ከሆነ ቀኑን አልነግርዎም፣ እርስዎም አይጠይቁኝ። ሰዎቹ ሲደርሱ ቅጠሉ እንደወደቀ ይሁን። የበሰበሰው ግንድ ባለበት ይቀመጥ፣ አረሙም ይታይ፣ እርስዎም የሥራ ልብስዎን እንደለበሱ ይቀበሏቸው። ባለፈው እንዳያሳፍሩኝ ብዬ ነበር። አሁን እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ አባባ፣ ያሳፍሩኝ።

ልጅዎ ልደት ወዳጆ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.