አጎቴ ማሩን ስላስቸኮለው ማጫወቻ

ለክብርት ወይዘሮ ሲጋል
የአስመጪው ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ
ኢየሩሳሌም

ክብርት ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ አየሩ በተስተካከለለት ቢሮዎ፣ ስልክ በማያስቸግርበት ጸጥታ ውስጥ፣ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ዓይንዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ፤ ጆሮዎንም፣ በተለይ ጆሮዎን።

ድርጅትዎ ከእናንተ ስለገዛሁት በጣት የሚነካ የኪስ ማጫወቻ የመጀመሪያ ስሜቴን እንድገልጽ በስልኬ መልእክት ልኮልኛል። ስንት ኮከብ እንደምሰጠውም ጠይቋል። ለአስተያየት የተተወችው ቦታ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የማትበቃ ሆና ስላገኘኋት፣ ይቅርታዎን እየለመንኩ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

መሣሪያው ያምራል። ይህን መካድ ነውር ነው። ቀጭን ነው፤ ጥቁር ነው፤ ሳይበራ ፊቴን ያሳየኛል። ገዝቼው ከሃነቪኢም ጎዳና «ኢትዮጵያ» ወደሚባለው መንገድ ስታጠፍ ደጋግሜ ከኪሴ አውጥቼ አይቼዋለሁ። ያየሁት እሱን ይሁን ራሴን፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ለምን እንደገዛሁት ባስረዳ ቅሬታዬ ይገባዎታል። እናቴ ወይዘሮ ባንቺአየሁ እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት ሃዮቨል በሚባለው ሰፈር ትኖራለች። ታናሽ ወንድሟ ማሩ ጎንደር ቀርቶ፣ ወደዚህ የሚመጣበትን ፈቃድ ሲጠባበቅ እዚያው አረፈ። እስኪያርፍ ድረስ ድምፁን በካሴት ይልክላት ነበር። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን እንዲህ ነበርን፤ መጻፍ ያልተማረ ሰው ድምፁን ይቀዳና ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ይሰጣል። ታዲያ የሚቀዳው ሰው ለመልስ የሚሆን ጊዜ ይተዋል። ሰላምታ ጠይቆ መልሱን ሳይሰሙ ማለፍ ሰውን መናቅ ነውና። አጎቴ ማሩ «እታለም፣ እንዴት ነሽ?» ይልና ዝም ይላል። ይጠብቃል። ዶሮ ይጮኻል፤ ከጎኑ ያለ ሰው ያስላል። እናቴ እዚህ ሆና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ ማሩዬ?» ትላለች። እሱም የሰማት ይመስል «ተመስገን ነው» ይላል። ልጅ ሆኜ፣ መቫሰረት ጽዮን በአዲስ መጪዎች ማረፊያ በነበርንበት ጊዜ፣ በእውነት የሚሰማት ይመስለኝ ነበር። አሁንም አልፎ አልፎ ይመስለኛል።

ካሴቶቹ አርጅተው ነበር። የሚገለብጥልኝ ባለሙያ «ይህ ጥብጣብ አንዴ ቢችል ነው፤ ከዚያ ይበጣጠሳል» አለኝ። ድምፁን በቀጥታ ወደ ማጫወቻዎ አስገባው። ጥብጣቡም እንዳለው ተበጣጠሰ። ስለዚህ አጎቴ ማሩ ዛሬ ያለው በእርስዎ መሣሪያ ውስጥ ብቻ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ይያዙልኝ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. መሣሪያው የእናቴን ጣት አያውቅም። የሌሎችን ቤት በበረኪና ስታጸዳ ኖራ የጣቷ ጫፍ ደርቋል፤ አሻራው ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። መስታወቱን ትነካዋለች፤ ዝም ይላል። በጥፍሯ ሞከረች፤ በጣቷ መገጣጠሚያም አንኳኳችና እንደ እንግዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ቤቶች!» አለች። ሳቅን። ለዚያ ሳቅ አመሰግናለሁ፤ ከመሣሪያዎ ጋር ያሳለፍነው ደስ የሚል ሰዓት እሱ ብቻ ነውና።

2ኛ. አጎቴን «ያልታወቀ ዘፋኝ» ብሎ መዝግቦታል። በሕይወቱ ዘፍኖ አያውቅም። እሱን ሰምታችሁ ስትጨርሱ ደስ ይላችኋል ብሎም የስፖርት መሥሪያ ሙዚቃ መርጦልናል። ስለ አሳቢነቱ ምን ማለት እንደሚገባ አላውቅም።

3ኛ. ይህ ረዘም ይላል።

በመመሪያው ላይ «ብልህ ማድመጥ» የምትሉት ነገር አለ። በንግግር መካከል ያሉትን ባዶ ቦታዎች ራሱ ፈልጎ ያወጣቸዋል፤ የአድማጭን ጊዜ ይቆጥባል። ማንም ሳያዘው ገና ከፋብሪካው በርቶ ይመጣል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ባጠፋውም ያወጣውን አልመለሰም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እናቴ መሣሪያውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። እኔ ነካሁላት። ድምፁ ወጣ። ጥርት ያለ። ከካሴቱ ይልቅ ቅርብ። ሁለታችንም ደነገጥን።

«እታለም እንዴት ነሽ ተመስገን ነው ልጆቹስ ደህና ናቸው ጎሽ ጉልበትሽስ ተሻለሽ እሰይ»

እናቴ «እግዚአብሔር ይ...» ብላ አፏ ተከፍቶ ቀረ። እሱ አልፏት ሄዷል። ስለ ዝናቡ እያወራ ነው። ልትደርስበት ሞከረች፤ ስለ ጉልበቷ ስትመልስ እሱ ስለ ጎረቤት ሞት ተናግሮ ጨርሷል። ዶሮው የለም። የሚያስለው ሰው የለም።

«ምነው ማሩዬ፣ ምን አስቸኮለህ?» አለችው።

ሄደ። ሁሉንም ተናግሮ፣ ተሰናብቶ ሄደ። ፊት ግማሽ ቀን ይፈጅብን የነበረው ማዳመጥ ሻያችን ሳይቀዘቅዝ አለቀ። የተቆጠበልን ጊዜ ፊታችን ተቀመጠ፤ ምን እንደምናደርግበት አላወቅንም።

መሣሪያው እንደሆነ ነገርኳት። አስረዳኋት። ራሷን ነቀነቀች። ከቆየች በኋላ ግን «ተቀይሞኛል» አለች። «ትቼው መጣሁ። እስከ መቼ ይጠብቀኝ?»

ክብርት ሆይ፣ እናቴ ስለ ወንድሟ ያላት ጸጸት ምን ያህል እንደሆነ እርስዎ ሊያውቁ አይችሉም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ጸጸቷን ያስታግስላት የነበረው እሱ የሚለው ነገር አልነበረም። መጠበቁ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አላዳመጠችም። መሣሪያውን በነጠላዋ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስገብታዋለች።

4ኛ. ወደ ድርጅትዎ ደወልኩ። ኒር የሚባል ትሑት ወጣት መለሰልኝ። ትሑት መሆኑን የምለው በምጸት አይደለም።

«ንግግሩ ተቆርጧል ነው የምትይው?» አለኝ።

«ንግግሩ ሙሉ ነው።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«ዝምታው።»

ቁልፎች ሲነካካ ተሰማኝ። ከዚያ «ግቬረት፣ እመቤቴ፣ ዝምታ እኮ ፋይል አይደለም» አለኝ። ቢሆንም አልዘጋብኝም፤ ጠየቀልኝ። ያልተነካው ቅጂ ምናልባት መሣሪያው ውስጥ ተደብቆ ሊኖር ይችላል፤ ሊያወጣው የሚችለው ግን የድርጅቱ መጠገኛ ክፍል ብቻ ነው። የመጠገኛ ክፍሉ ደንብ ደግሞ የገባለትን መሣሪያ ሁሉ ከመክፈቱ በፊት ባዶ ያደርገዋል፤ የደንበኛውን ምስጢር ለመጠበቅ። ከደንቡ ውጭ እንዲከፈት ማዘዝ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። አመለከትኩ። መልስዎ ደረሰኝ፤ በአሮጌው ፈንታ አዲስ ማጫወቻ እንደምትሰጡኝ፣ አሮጌውም በአግባቡ እንደሚደመሰስ ይገልጻል። ምስጢሬን ከእኔው ለመጠበቅ ስላሳያችሁት ትጋት ከልብ አመሰግናለሁ።

5ኛ. ይህን ለማን እንደማመለክት አላውቅም። የእርስዎ ክፍል ላይሆን ይችላል።

አንድ ቀን ከእናቴ ሣጥን ተውሼው፣ በኢትዮጵያ መንገድ፣ ከኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጬ ለብቻዬ አዳመጥኩት። ደጋግሜ። ዝምታዎቹን ከትዝታዬ መልሼ ላስገባቸው ፈለግሁ፤ «እንዴት ነሽ?» ካለ በኋላ ምን ያህል ነበር? ዶሮው የጮኸው ከ«ልጆቹስ?» በፊት ነው ወይስ በኋላ? አንዲት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ጻድቅ፣ በዚያ አለፉ። «እንደምን ዋልሽ ልጄ?» ብለው ቆሙ። እስክመልስ ቆሙ። እኔ ጆሮዬ ላይ ማሩ ነበረና ዘገየሁ፤ እሳቸው አልሄዱም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ስል አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ።

ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ባዳመጥኩ ቁጥር የማስታውሰው ማሩ እየቸኮለ ነው። ትናንት ስለ እሱ ሳስብ ያለ ዶሮ መጣ። መሣሪያዎ ከራሱ አልፎ እኔ ውስጥም ባዶ ቦታ እየፈለገ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ባለፈው ሰኞ እናቴን ለምኜ መሣሪያውን ከሣጥኑ አስወጣኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እታለም እንዴት ነሽ» እንዳለ በጣቴ አቆምኩት። ክፍሉ ዝም አለ። እናቴ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ወደ መሣሪያው። ቀስ ብላ መለሰችለት። እኔም ለቀቅሁት። «ተመስገን ነው።» እንዲህ እያደረግን እስከ «ጉልበትሽስ» ደረስን። እዚያ ላይ እጄን በእጇ ያዘችው።

«ተይው» አለች። «እሱ ከዚህ በላይ ይጠብቀኝ ነበር። ይሄ የአንቺ ዝምታ ነው።»

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። አዲስ መሣሪያ አልፈልግም። መሣሪያው ሳይደመሰስ እንዲከፈት ይዘዙልኝ። ቅጂው ከሌለም፣ የለም ይበሉኝ፤ ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ።

የሌላውን ሰው ጊዜ ለመቆጠብ ለሚደክመው ድርጅትዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ እያቀረብኩ፣ ኮከቦቹን ለጊዜው በእጄ ይዤ የምቆይ፣ ታዛዥ ደንበኛዎ

ልቅናሽ፣ የወይዘሮ ባንቺአየሁ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ስለ ማመልከቻዬ ልጠይቅ በእናቴ ቤት ሆኜ ወደ ቢሮዎ ደውዬ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የተቀዳችው ሴትዮ በዕብራይስጥ «ሰላም፣ እንዴት ልንረዳዎ እንችላለን?» አለችና ጸጥ አለች። እናቴ ሰላም መባሏን ሰምታ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ ደህና ነሽ?» አለቻት። ማንም ወደ መስመሩ አልመጣም። ከቆየን በኋላ እናቴ ወደ ስልኩ እያየች «ይቺስ ትጠብቃለች» አለችኝ።