የመጨረሻው ሰው ዓይኑን እስኪገልጥ

ሰኞ፣ የካቲት 3

አዲሱ የእንግሊዝኛ መምህር ዛሬ ልጆቹን ግቢ አወጣቸው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ትልቁ ዛፍ ሥር። ከመምህራን ክፍል በመስኮት አየኋቸው። አንድ ክፍል ሙሉ ጎረምሳና ኮረዳ ዓይኑን ጨፍኖ ሣር ላይ ተዘርግፏል። እሱ ደግሞ መሀላቸው፣ እግሩን አጣጥፎ... ጫማውን አውልቆ! ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዷል።

“ምን እያደረጉ ነው?” አልኩት የሒሳቡን መምህር።

“ነፋስ እያዳመጡ ነው አሉ።”

“በእንግሊዝኛ?”

ሻይ በአፍንጫው ወጣ፣ እንዲህ ስቆ አያውቅም።

ከዛሬ ጀምሮ ስሙ አቶ ቅጠል ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍላችን ስብሰባ። አቶ ቅጠል አስረዳን። ልጆቹ ቋንቋው ጠፍቷቸው አይደለም ይላል፣ ፍርሃት ነው። መጀመሪያ ይረጋጉ፣ ዙሪያቸውን ያስተውሉ፣ ከዚያ ያዩትንና የሰሙትን በሁለት በሦስት መስመር ግጥም ይጽፋሉ። አጭር ስለሆነ አይፈሩትም። ማይንድፉልነስ ይለዋል። እናቴ “አርፋችሁ ተቀመጡ!” ትለን የነበረውን ነው ለካ ዛሬ ሥልጠና የሚሰጡበት።

ደወል እንኳ የለውም። ሕጉ አንድ ነው፦ የመጨረሻው ሰው ዓይኑን እስኪገልጥ ማንም አይናገርም።

“አንዱ ተኝቶ ቢቀርስ?” አልኩት።

“እንጠብቀዋለን” አለ። ፍጹም ሳያፍር።

የሙከራ ጊዜው በዚህ ወር ያልቃል። ይቆይ ወይስ ይሂድ የሚለውን ርዕሰ መምህሩ የሚጠይቀው እኔን ነው፣ የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኛ። ዓርብ ገብቼ አየዋለሁ። መልሴን ካሁኑ አውቀዋለሁ፣ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የሁለት ክፍል ፈተና ሳርም አመሸሁ። ባሌ ደግሞ ጧት ፊቱን አጥቁሮ፣ “ስታንኮራፊ አደርሽ” ይለኛል። ከተጋባን ጀምሮ ይቺኑ ውሸት ይደግማል። አይሰለቸውም?

ዓርብ፣ የካቲት 7

ሄድኩ። ሣር ላይ አልቀመጥም ብዬ ወንበር አስመጣሁ፣ ግንዱን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

“እርስዎም አብረውን ይሞክሩት” አለኝ አቶ ቅጠል።

“ዓይኔን ጨፍኜ ምኑን ልየው?”

“ለአንድ አፍታ ብቻ።”

ልጆቹ እያዩኝ ነው። ለይሉኝታ ጨፈንኩ። ነፋስ አለ፣ እሺ። ቅጠል ይንሿሿል፣ እሺ። ከዚያስ?

ከዚያ የክፍለ ጊዜው ማብቂያ ደወል ተደወለ። ልጆቹ እንደተቀመጡ ናቸው፣ ሁሉም እኔን ያያሉ። አቶ ቅጠል በእንግሊዝኛ አመሰገናቸውና ተበተኑ። አለቀ! አንዲት ቃል አልተነገረች፣ አንዲት መስመር አልተጻፈች። ትንሽ አሸለበኝ መሰለኝ... አንድ አፍታ። ቢሆንም ክፍለ ጊዜው በከንቱ መቃጠሉን ለማወቅ ንቁ መሆን አያስፈልግም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ። ዓርብ ከፎቅ ሆኖ አይቷል። “ክፍለ ጊዜውን ሙሉ እንደ ድንጋይ ተቀምጠው ዋሉ። ጠርቼ ብጠይቀው ‘ዝምታው ረዘመብን’ አለኝ። ይሄ መልስ ነው?”

“አይደለም።”

“እርስዎ እዚያው ነበሩ። ሐሙስ የመምህራን ስብሰባ ላይ ያዩትን ይናገሩ፣ በዚያው እናሰናብተዋለን።”

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ግን... ክፍለ ጊዜውን ሙሉ? ደወሉ ቶሎ የተደወለ አልነበር እንዴ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ምነው ዛሬን ታምሜ በቀረሁ!

አቶ ቅጠልን ቢሮ ስለጠሩት ክፍሉን እኔ ያዝኩለት። ልጆቹ ዓርብ ስላዩትና ስለሰሙት ቤታቸው ግጥም ጽፈው መጥተዋል። “አንብቡ” አልኩ፣ ለመሳቅ ተዘጋጅቼ።

አንዱ ረጅም ልጅ ተነሣ። ግጥሙ ስለ ሎሪ ነው። ጭነት ከብዶት ዳገት ስለሚወጣ፣ ጫፍ ሊደርስ ሲል ስለሚያቅተው፣ እንደገና ስለሚነሣ ሎሪ።

“የምን ሎሪ? ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሎሪ የት አየህ?”

“አላየሁም ቲቸር። ሰማሁ።”

ሌላው ስለ ርግቦች ጻፈ። አንድ ነገር ባጉረመረመ ቁጥር ከዛፉ ብድግ ይላሉ፣ ጸጥ ሲል ይመለሳሉ። ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ደፍቷል። የአንዳንዱ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። እኔ አሁንም አልገባኝም። ኃላፊ ተብዬ!

ከዚያ ያቺ ሁልጊዜ “ድምፅሽን አሰሚ!” ብዬ የምጮህባት ልጅ ተነሣች። እንግሊዝኛውን እዚህ አልገለብጠውም፣ እንዲህ ነው የሚለው፦

ቲቸር ተኛች።
ቁጣዋም አብሯት ተኛ።
ዛሬ ፊቷን ሳልፈራ አየሁት።
ከሥራ የመጣች እናቴን ትመስላለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

“ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?” አልኩ።

“ሕጉ ነዋ ቲቸር” አለ ባለ ሎሪው። “የመጨረሻው ሰው ዓይኑን እስኪገልጥ። አዲሱ ቲቸር ደግሞ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።”

በእንግሊዝኛ ነው የመለሰልኝ። ሳይንተባተብ። እኔ ስጠይቀው ጣሪያ ጣሪያ የሚያይ ልጅ!

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ቆሽቴ አርሮ ዋለ። አቶ ቅጠልን ኮሪደር ላይ ያዝኩት።

“ለርዕሰ መምህሩ ‘ተኝታ ነው’ አትለውም ነበር?”

“ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ” አለ። “የተኛን ሰው እንጠብቃለን ብዬዎታለሁ።”

“እንጀራህን ልታጣ ነው እኮ፣ አንተ ሰው!”

“አውቃለሁ።” ጫማውን አየ። “እርስዎ ደክሞዎት ነበር።”

ደደብ። ማን እዘንልኝ አለው? እንዲህ ያለ የዋህ ሰው ሲያዝንልኝ... ስድብ ነው።

ዝም ብል ነገሩ ያበቃል። ከልጆቹ በቀር ያየ የለም፣ ርዕሰ መምህሩም ከፎቅ ያየው ጀርባዬን ነው። እሱ ሻንጣውን ይይዛል፣ እኔም ከካልሲው እገላገላለሁ። አንዲት ቃል መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም። “ክፍለ ጊዜው ያለ ትምህርት አለፈ” ብል እውነት ነው።

እራት ላይ ባሌን ጠየቅኩት። “እውነት አንኮራፋለሁ?”

“ምን አዲስ ነገር መጣ?”

“ሎሪ ዳገት ሲወጣ... እንደዚያ?”

ቴሌቪዥኑን አጠፋና ዞሮ አየኝ። “ማነው እሱ? ልጨብጠው። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ቃል ሳጣለት!”

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ስብሰባው። ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ዘረዘረና ወደ እኔ ዞረ። ተነሣሁ።

“ዘዴው የሰነፍ ዘዴ ነው” አልኩ። “ጫማ ማውለቁም ነውር ነው።” አቶ ቅጠል አንገቱን ደፋ። ርዕሰ መምህሩ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። እዚያ ላይ ብቀመጥ አልቆ ነበር።

“ክፍለ ጊዜውን ያቃጠልኩት ግን እኔ ነኝ። ተኝቼ ነበር። ልጆቹ እኔ እስክነቃ ነው የጠበቁት።”

ርዕሰ መምህሩ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ። “ትንሽ ሸለብ አድርጎዎት ነው?”

“የምን ሸለብ! ደወል እስኪደወል አንኮራፍቼ ነው የተኛሁት። እንደዚያው ይጻፍ።”

የሒሳቡ መምህር እንደገና ሻይ በአፍንጫው። የራሱ ጉዳይ።

“እንግዲህ የእርስዎ አስተያየት ምንድን ነው?” አለ ርዕሰ መምህሩ።

“ዘዴው አይረባም። ሰውየው ይቆይ።”

እንዲቆይ ተወሰነ። ስንወጣ አቶ ቅጠል ሊያመሰግነኝ ተከተለኝ። “ካልሲ ግዛ” አልኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 17

የመምህራን ክፍል ውስጥ ስሜ “ሎሪዋ” ሆኗል። ሻይ ቤቱ ድረስ ደርሷል። ይበሉ፣ እኔም ለስንቱ ስም አውጥቻለሁ።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሥራ አልነበረኝም። ዛፉ ሥር ሄድኩ። ወንበር አልያዝኩም። ያቺ ልጅ ምንም ሳትል ጠጋ አለችልኝ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። እርጥብ ነው፣ ጉድ ነው የተቀመጡበት!

ሁሉም ጨፈኑ። እኔ? ሞኛቸውን ይፈልጉ፣ ሁለተኛ አልጨፍንም። ዓይኔን አፍጥጬ ፊታቸውን ሳይ ቆየሁ። በየተራ። ስንት ጊዜ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው... ሳይፈሩኝ ምን እንደሚመስሉ ግን አላውቅም ነበር።

አንድ በአንድ መግለጥ ጀመሩ። ባለ ሎሪው ብቻ ቀረ። አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ አንገቱ ወደ እኔ ዘንበል ብሏል። ልቀሰቅሰው እጄን ዘረጋሁ። ልጆቹ ሁሉ እጄን አዩ።

መለስኩት። ጠበቅነው።