አምቡላንሷ የቆመችበት ረቡዕ

ግንቦት 9 ቀን፣ ከሥራ መልስ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያስቸግረኛል እንጂ ፔዳል ስረግጥ አያማርርም። ቤቱም እንደተውሽው ነው፤ የተቀየረው የኩሽናው ቧንቧ ብቻ ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ አምቡላንሷ ነው። ከሷ ሌላ ብዙም ወሬ የለኝም።

ከሁለት ወር በፊት ዘይት ላስቀይር ጋራዥ ወስጃት ነበር። መካኒኩን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሳለሽ “ዝምታው” ያልሽው፣ ስሙ ሆኖ የቀረው ሰውዬ። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ እንዳለ ቆየና፣ “ታይሚንግ ቺንጋው መቼ ነው የተቀየረው?” አለኝ።

“እኔ ከያዝኳት ወዲህ አልተቀየረም።”

“ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?”

“ቆጣሪው መሥራት ካቆመ ቆየ እኮ።”

ራሱን ነቀነቀ። ይህ ቺንጋ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው፤ የሞተሩን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል እኩል የሚያስኬደው እሱ ነው። ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል፣ ሞተሩም እዚያው ያከትምለታል። “ፍሬን ሲያልቅ ይጮኻል፣ ጎማ ሲያረጅ በዓይንህ ታየዋለህ” አለኝ። “ይሄኛው ግን አይናገርም። ደህና እየነዳህ ድንገት ቀጥ ነው።”

“ታዲያ ከፍተህ እየው።”

“ከከፈትኩት አይቀር እቀይረዋለሁ። አንድ ሙሉ ቀን ስጠኝ።”

የቸገረኝ እሱ ነው፣ ሙሉ ቀኑ። ያለችን አምቡላንስ አንድ ናት። ገብቼ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ለዶክተሯ፣ ነገርኳት።

“ሰው የማይታመምበትን ቀን ይንገሩኝና ያን ቀን ያቁሟት” አለችኝ።

ስታሾፍብኝ አልነበረም። እሷም እውነቷን ነው፣ ዝምታውም እውነቱን ነው። እኔ በሁለቱ መሃል ሆኜ መንዳቴን ቀጠልኩ። ሆስፒታሉ ከድልድዩ ማዶ፣ ከዳገቱ በላይ ነው። ዳገቱን በወጣሁ ቁጥር ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ተተከለ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጭነን ስንወጣ ነርሷ ትከሻዬን ነካችኝ። “ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እያልኩ ስጮህ አይሰሙም እንዴ? ግሉኮሱ እኮ ወደቀ” አለችኝ። በእውነት አልሰማሁም ነበር።

በማግስቱ ዶክተሯ ቢሮ ገባሁ። “ረቡዕ አቆማታለሁ” አልኳት።

“ለምን ረቡዕ?”

“ገበያ የለም፣ መንገዱ ጭር ይላል። መለዋወጫውም ማክሰኞ እጃችን ይገባል።”

“እንግዲህ የመጣው ቢመጣ ለሁለታችን ነው” አለች።

ለክፉም ለደጉም ብዬ የዳቦ ቤቱን ባለቤት አነጋገርኩት። ዳቦ የሚያከፋፍልባት ዝግ መኪና አለችው። ሰው ከታመመ ይሰጠኝ እንደሆነ ስጠይቀው፣ “ትኩስ ነገር ሳይቀዘቅዝ ማድረስ አይደል ሥራዬ?” ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ዝምታው ክዳኑን አውልቆ፣ አሮጌውን ቺንጋ ፈትቶ፣ አዲሱን ገና ሳያስገባ ስልኬ ጮኸ። ነርሷ ነበረች።

“ጋሼ፣ የልብስ ሰፊውን ሚስት ምጥ ይዟታል። ደም እየፈሰሳት ነው። እዚህ አንችላትም።”

ዝምታው ቀና ብሎ አየኝ።

ሮጥኩ። አባቴ ሮጠ ብለሽ ትስቂ ይሆናል። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ቃሉን አላጠፈም፤ መደርደሪያዎቹን እየነቀለ መንገድ ላይ ጣላቸው፣ ፍራሽ አነጠፍን። ቁልፉን አስገብቶ ግን መልሶ ነቀለው። “አንተ ንዳ፣ እኔ አልሆንኩም” ብሎ ወረደልኝ።

የማላውቃት መኪና ናት፤ ማርሿ ድርቅ ያለ፣ መሪዋ ወደ አንድ ጎን የሚስብ። ሴትየዋን ከጤና ጣቢያው በር ላይ ጫንናት፤ ከኋላ ነርሷና ልብስ ሰፊው ይዘዋታል። ሰውየው ሜትሩን ከአንገቱ ላይ እንኳ አላወረደም። ዳገቱ መሃል ላይ ሴትየዋ ማቃሰቷን አቆመች።

“አናግሯት!” አልኩ።

“እያናገርናት ነው። አትመልስም” አለች ነርሷ።

ከዚያ ወዲያ የነበረውን መንገድ አላስታውሰውም።

ተርፋለች። ደም ሰጥተዋት፣ ኦፕራሲዮን አድርገዋት፣ ሴት ልጅ ወለደች። ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ልብስ ሰፊው፣ “አምቡላንሷ የት ሄዳ ነው?” አለኝ። ነገርኩት።

“ዛሬ?” አለ።

“ዛሬ።”

ከዚያ ወዲህ በሱቁ በር ሳልፍ ከስፌት መኪናው ቀና አይልም። አልፈርድበትም። ሚስቱ ግን ሕፃኗን ታቅፋ በመስኮት ካየችኝ እጇን ታነሳልኛለች።

ወደ ጋራዡ ስመለስ አምቡላንሷ ተገጣጥማ ሞተሯ ይሠራል። ዝምታው አሮጌውን ቺንጋ አጥፎ አሳየኝ። ከጥርሶቹ ሥር ተሰነጣጥቋል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጥርሱ ተገንጥሎ ወድቋል።

“ባንቀይረው ኖሮ ይበጠስ ነበር?” አልኩት።

“ነገ ሊበጠስ ይችል ነበር። ዓመትም ሊከርም ይችል ነበር። እኔ ምን አውቃለሁ?”

እንዲዋሸኝ ፈልጌ ነበር። አልዋሸኝም።

አክስትሽ በቀደም ብቅ ብላ ነበር። ወርሽ እየገባ መሆኑን የሰማሁት ከሷ ነው። አንቺ ለምን እንዳልነገርሽኝ አልጠየቅኳትም፣ አንቺንም አልጠይቅሽም። የዓመት ፈቃድ ቅጽ ሞልቻለሁ። ዶክተሯ፣ “እርስዎም ፈቃድ ይወጣሉ?” ብላ ተገርማ ፈረመችልኝ። ምትክ ሾፌር ተገኝቷል፤ ዳገቱን አሳይቼዋለሁ፣ ደህና ይነዳል። ፈቃዱን የት እንደማሳልፈው ገና አልወሰንኩም።

ለባልሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ባልሽ ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ እንደሆነ አውቃለሁ።

አምላክ በሰላም ያገላግልሽ፤ ድካምሽን የሚያስረሳ ጤነኛ ልጅ ያሳቅፍሽ። ምጡ ሲመጣ ማን እንደሚያደርስሽ ከአሁኑ ቁረጪ። ባለ መኪናውንም ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠይቂው። ማፈር አያስፈልግም። ካፈርሽም እኔ መጥቼ እጠይቀዋለሁ።

አባትሽ