ጀነትዬን የቆረጥኩ ዕለት

ሰይድዬ፣ የሐያት አባት፤

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን፣ ደብዳቤ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ተብሎ ነው የሚጀመረው ብለው አስተማሩን። ከዚያ ወዲህ ሌላ አጀማመር አልተማርኩም። ላንተ ግን እንዴት አድርጌ ልበለው? ጤና የሚባለውን ጣጣ ለኛ ትተህልን ከሄድክ አስር ወር ሞላህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፣ ደረጃ ሲያይ ይኮርፋል። ሐያትም ደሴ ደህና ናት። አነጋገሯ እያደር አንተን መስሏል፤ ደውላ «ሄሎ» ስትል ልቤ አንድ ጊዜ ቀጥ ይላል።

አሁን የምነግርህን ነገር ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግሁም። ማን ይነግረኛል ብለህ እንዳትስቅብኝ። ጀነትዬን ቆረጥኳት። በገዛ እጄ ነው፣ ማንም አላስገደደኝም። ማለቴ፣ መጀመሪያ አስገድደውኝ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ግን እኔው ነኝ። ከሥሩ ልንገርህ።

ወደዚህ ዐረብ አገር፣ ኢስትራሐ ወደሚሉት የመዝናኛ ግቢ የመጣን ሰሞን ትዝ ይልሃል? ጌቶቹ በሳምንት አንድ ቀን ለመዝናናት ነው የሚመጡት፣ ሌላውን ቀን ከቴምሩና ከወፉ በቀር ሰው የለም። አንተ ጠባቂም አትክልተኛም፣ እኔ ምግብ አብሳይ ሆነን ይቺን ከግንቡ ጥግ ያለች ክፍል ሰጡን። መስኮቷ ወደ ጸሐይ መጥለቂያ ነው። ከዙህር ሰላት በኋላ ጸሐዩ ገብቶ አልጋችን ላይ ይጋደም ነበር። ሙቀቱ አንሶኝ ይመስል እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንዱ ሁሉ በመስኮቴ ፊት ያልፋል። ነጋ ጠባ ስነጫነጭብህ አንድ ቀን ዐዚዚያ ካለው ችግኝ መሸጫ ሐምራዊ አበባ ያላት ሐረግ ታቅፈህ መጣህ። ፊትህ ግን የተጣላ ሰው ፊት ነው። ምን ሆንክ ብልህ፣ ሻጩ ስሟን ጀሀነሚያ ብሎ ነገረኝ አልክ። በጀሀነም ስም የተጠራ ነገር ሚስቴ ከምትተኛበት መስኮት ሥር እንዴት እተክላለሁ ብለህ ግማሽ ቀን በር ላይ አቆምካት። እኔ ደግሞ መልሳት አልኩህ። ኋላ ላይ ተነስተህ አካፋውን እየፈለግህ፣

«ስሙን ያወጡላት እነሱ ናቸው፣ እሷ ምን አጠፋች? ጀነትዬ እንላታለን» አልከኝ።

የቤቱ ባለቤት ማማ ሙኒራ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያችው ሳቂዋ ማማ ሙኒራ ግን ከዓመት በኋላ ለእህቷ ስታሳያት «ጀነቲያ» ስትል ሰማናት። 

ሐረጓ እንደሆነች መስኮቱን ሸፍና፣ ጣሪያውን ወጥታ፣ በወዲያ በኩል ወረደች። ክፍላችን ቀን በቀን ጨለማ ሆነች፣ ግን ቀዘቀዘች። አንተም የጋዙን ሲሊንደር ጸሐይ እንዳያገኘው ብለህ ከሷ ጥላ ሥር አስገባኸው። ይህንን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አንተ የሄድክ ዕለት የወሰዱህ ወንዶቹ ናቸው። እዚህ አገር ሴት መቃብር አትሄድም፤ ይህን ለማወቅ ያንተ መሞት አስፈለገኝ። የጌቶቹ ሾፌር ተመልሶ ሲመጣ ቦታው የት ነው ብዬ ጠየቅሁት። ስም አይጻፍበትም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ አፈርና ጠጠር ነው እህቴ አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ያየውን ነው የነገረኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ወዴት ልምጣ? ጀነትዬ ዘንድ መጣሁ። ከዐስር ሰላት በኋላ ባልዲውን ደፍቼ እቀመጥና የዋለውን ሁሉ እነግራታለሁ። የሐያትን ፈተና ነግሬያታለሁ። ድንች ያሳረርኩ ዕለት ማማ ሙኒራ የተናገረችኝን ነግሬያታለሁ። አንዳንዴ በሳምንቱ ውስጥ ድምፄን አውጥቼ የተናገርኩት ለሷ ብቻ ይሆናል። ሰው ቢያየኝ አበደች ይል ነበር፣ ደግነቱ የሚያየኝ የለም።

እንግዲህ ዘንድሮ በበጋው፣ ከግንቡ ጀርባ ባለው ዋዲ፣ በደረቁ ወንዝ ውስጥ ያለው ሸምበቆ ተቃጠለ። ማን እንደለኮሰው አልታወቀም። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ንፋስ አለ። መጀመሪያ ድምፁን ሰማሁት፣ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማውን ይመስላል፣ እኔም ዝናብ መሰለኝና ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የጎረቤት ኢስትራሐ ቴምሮች የደረቀ ቅጠላቸው እስከ መሬት ተንጠልጥሏል። አንዷ ላይ ፍንጣሪ አረፈ፣ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም፣ እንደ ጧፍ ቀጥ ብላ ነደደች። ከሷ ወደ ጥበቃው ጎጆ ዘለለ። ጠባቂው አላህ አውጥቶት በባዶ እግሩ ወደኛ ሮጦ መጣ። የኛም ቴምሮች ከነሱ አይሻሉም፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ወጥቶ የመለመላቸው የለም፣ የስንት ወር ድርቆሽ ለብሰዋል። እኔ ምን ሳደርግ የነበረ ይመስልሃል? የውሃውን ጎማ ይዤ ጀነትዬ ላይ ሳርከፈክፍ ነበር። ትልቁን ቤት ትቼ፣ ወጥ ቤቱን ትቼ። እሳት አደጋዎች ደርሰው ከግንቡ ወዲያ አስቆሙት። አላህ ነው ያተረፈን፣ የኔ ጎማ አይደለም።

በነጋታው እሳት አደጋዎቹ ተመልሰው ግቢውን ዞሩት። ለማማ ሙኒራ ብዙ ነገር አዘዟት። የቴምሩ ደረቅ ቅጠል ከሥር ጀምሮ ከቁመታችን በላይ ድረስ ይመልመል። ከቤቱ ግድግዳ አምስት እርምጃ ድረስ ምንም የሚነድ ነገር አይኑር፣ ቁጥቋጦ ተነቅሎ ጠጠር ይነጠፍበት። ከዚያ ወዲያ ያለውም ተክል እየተራራቀ ይተከል፣ ማገዶ ግድግዳ አይጠጋ። ከጣሪያ ላይ ቅጠል ይጠረግ። ለዚህ ሥራ ነዚር የሚባል ፓኪስታናዊ አትክልተኛ ተቀጠረ። ጺሙ ነጭ፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። ያንተን መሰላል አውጥቶ ሲወጣ ፊቴን አዞርኩ። ሥራውን ግን ያውቃል፣ ያንተን ያህል ባይሆንም። ቴምሮቹን መለመለ፣ በግንቡ ጥግ የነበረውን የቁጥቋጦ አጥር ነቀለ፣ ጠጠር በመኪና መጣ፣ ትልቁ ቤት ዙሪያውን ነጭ ቀበቶ ታጠቀ። የቀረችው ጀነትዬ ናት።

እኔ አይሆንም አልኩ። ለማማ ሙኒራ በየቀኑ ውሃ ስለምትጠጣ አትነድም ብዬ ዋሸኋት። እሷም ጠረጠረች መሰለኝ ነገሩን ተወችው። ሐያት ይህን ስትሰማ በስልክ አለቀሰችብኝ፤ አባቴን ሰው አገር ቀብሬ አንቺን ለአበባ ብዬ አልሰጥም አለች። ነገ አስቆርጣታለሁ አልኳት። ነገው ሦስት ሳምንት ሆነ። በየጠዋቱ የረገፈውን አበባ እየለቀምኩ፣ ይኸው ንጹህ አይደለም ወይ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

አንድ ቀን ነዚር መጣና እጁን እስከ ክንዱ ድረስ ወደ ውስጧ ከተተና ጎተተ። ከላይ እንዲያ የምታምር፣ ውስጧ የስንት ዓመት ጭራሮ ነው ሰይድዬ። አንድ እፍኝ አውጥቶ በመዳፉ ሲጨብጠው ዱቄት ሆነ። ከዚያ ከጭራሮው መሀል የጋዙን ጎማ አሳየኝ። ተሰነጣጥቋል። አንተ ካስገባኸው ጊዜ ጀምሮ ሲሊንደሩን የሚለውጠው ሰውዬ እጁን እየሰደደ ከመለወጥ በቀር ማንም ገልጦ አላየውም።

«እህቴ፣ ይሄ አበባ አይደለም፣ ማገዶ ነው» አለኝ።

ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። እኔ ባልዲዬ ላይ ቁጭ አልኩ።  ትዝ ያለኝ ያ ያገር ቤቱ ጎረቤታችን የያሲን ነገር ነው። የተጋባን ዓመት፣ ሐይቅ ዳር፣ ሰው ገለባውን ሊያቃጥል ሲሰናዳ አንተ የእህላችንን ክምር ዙሪያ ሣሩን አጨድክና መሬቱን ፍቀህ ባዶ አደረግኸው። እዚያ አላቆምክም፣ የጎረቤታችንን የያሲንንም ክምር ሳታስፈቅድ ዙሪያውን ፋቅህለት። ያሲን ጠዋት ሲነሳ ድንበር ገፋብኝ ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። እኔ ሙሽራዋ አፍሬ ጓዳ ገባሁ። አንተ ሽማግሌዎቹ ፊት አንድ ቃል አልተከራከርክም፣ ድንበርህ ያው ነው፣ ውሰደው ብለህ ተቀመጥክ። እሳቱ በሳምንቱ መጣ። ከታች ያለው ማሳ ሲነድ የሁለታችሁም ክምር ጠጠር ላይ እንደተቀመጠ ጎጆ ደህና ቀረ። ያሲን ማር ይዞ መጣ። ያኔ እንኳ አልኩህ አላልከውም።

አንተ ብትኖር ሦስት ሳምንት አትቆይም ነበር። እኔ ሳልነሳ ቆርጠሃት፣ ጠርገህ፣ ለምን ብዬ ስጮህብህ ዝም ትለኝ ነበር። ጋዙንም እዚያ ያስገባኸው ለኔ ብለህ ነው፣ ተሳስተህ ነው። ከሞትክ ወዲህ ተሳስተሃል ብዬህ አላውቅም። አሁን አልኩህ። ሲወጣልኝ ቀለል አለኝ፣ እንደ ድሮአችን።

በማግስቱ ነዚር መቁረጫውን ሊያነሳ ሲል ስጠኝ አልኩት። ሰጠኝና መሰላሉን ያዘልኝ። እሾኋ ክንዴን ቦጫጨረኝ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ሰደብኳት። ግንዷ የእጄን አንጓ ያክላል። እሱ ጋር ስደርስ ቢስሚላህ አልኩ። ነዚር ዞር ብሎ የማይጠረግ ነገር ሲጠርግ ቆየ። ጋዙ ወደ ማዶ ግንብ ሄደ፣ ጎማው ተለወጠ፣ ከመስኮታችን ሥር ጠጠር ፈሰሰ። ጉቶውን እንኳ አላስቀረሁም፣ ሥር ድረስ አስቆፈርኩት፤ ጉቶ ቢኖር እንደገና እያጠጣሁ እንደማሳድጋት ራሴን አውቀዋለሁ።

የዚያን ዕለት ከዙህር በኋላ ጸሐይ ክፍሉ ውስጥ ገባ። ስንት ዓመቱ! አቧራው ታየ፣ የግድግዳው ቀለም ታየ፣ አንተ ስትቀመጥ ጀርባህን የምታስደግፍበት ቦታ ጠቁሮ ታየ። እስከዛሬ አላየሁትም ነበር፣ ጨለማ ነበራ። ልጠርገው ጨርቅ አርጥቤ ተነሳሁ፣ ጨርቁን መልሼ ጨምቄ ሰቀልኩት። አርብ ዕለት ባጥሐ ገበያ ወርጄ የመጋረጃ ጨርቅ ገዛሁ። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፣ ወላሂ አያምርም፣ ችኮላ ነው።

ከዐስር በኋላ የምቀመጥበት ጠፋኝ። ባልዲውን ጠጠሩ ላይ ብደፋውም አፌ አልፈታ አለ። ለጠጠር ምን ይወራል? ከዚያ ነው ይህን ደብዳቤ መጻፍ የመጣልኝ።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፣ ሰው ይምላል፣ ይረሳል። የማደርገውን ልንገርህ። ንፋሱ ቅጠል እያመጣ ጠጠሩ ላይ ይጥላል፣ ካልጠረጉት ተመልሶ ማገዶ ነው። ነዚር ለትልቁ ቤት አለ፣ የኛን ክፍል እኔ ይዣለሁ። አርብ አርብ ጠዋት፣ ለጁምዓ ሳይጠራ፣ ባለ ጥርሱን መጥረጊያ ይዤ ክፍሏን ሁለት ጊዜ እዞራታለሁ። ለእሳቱ አንድ ዙር ይበቃዋል። ሁለተኛው ያንተ ነው፤ ዱዓዬን እያደረግሁ፣ ቀስ ብዬ።

ሚስትህ ዘሃራ