ጋቢህን የለበሰችው ጅብ

ለምሳሳልህ ወንድሜ ለዓምሃ፣

እንደምን ነህልኝ? ጤናህስ? የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ባለፈው ጉንፋን ያዘኝ ብለህ ጽፈህ ነበር፤ በዚያ እሳት አገር ጉንፋን ከየት እንዳገኘኸው ለሁላችንም ግራ ገብቶናል። ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ዓለምነሽስ? ዓይኑን ያላየነው ልጃችሁስ ቆሞ መሄድ ጀመረ? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን ምንም አላመማትም።

ዛሬ የምጽፍልህ የልጄን የቡርቱካንን ጉድ ነው። አረፍ ብለህ አንብበው።

ትምህርት ቤታቸው ለወላጆች በዓል በቀበሌው አዳራሽ የልጆች ቲያትር ሊያሳይ ተነሣ። አስተማሪዋ ሠርካዲስ ዘንድሮ ከይርጋለም የመጣች ልጅ ናት፤ የሰፈራችንን ነገር አታውቅም። የመረጠችው ተረት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጅቡ ሰው መስሎ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ልጅ ሊያጭ የሚመጣበትን! አገር ሁሉ የሚያወራው፣ እኛ ቤት ግን አንድም ቀን ተነግሮ የማያውቅ ተረት። ከዚያ ልጆቹን በየተራ እንደ ጅብ አስጮኸቻቸው። የኛዋ ስትጮኽ ዘበኛው ዱላውን ይዞ ሮጦ መጣ አሉ። በቃ፣ ጅብ ሆና ተመረጠች።

እየዘለለች ስትነግረኝ የማበጀው ድስት እጄ ላይ ተጣመመ። ሸክላ ሠሪዎች ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ስንሰደብ አላደግንም ወይ? አንተን ከትምህርት ቤት ያስቀረህ፣ በኋላም ከቀዬህ ያስወጣህ ያ ስም አይደለም? ልጄን እዚያ ሰፈር አላመጣም ያልከውስ ለዚሁ አይደል? ያንን ስንሸሽ የኖርነውን ስም ልጄ በሕዝብ ፊት ጭራ ቀጥላ ልትጫወተው ነው። እማዬማ እኔ በቁሜ እያለሁ አይደረግም ብላ ምግብ ሁሉ እምቢ አለች።

በማግስቱ ሄጄ ለሠርካዲስ ነገርኳት። ድንጋጤዋን ብታይ! ይቅርታ ስትጠይቀኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እኔው ማጽናናት ያዝኩ። ሌላ ልጅ እተካለሁ አለችኝ። ቡርቱካን ግን ወይ ፍንክች! አሁን ብተወው እውነት ነው ይሉኛል፣ ደግሞም ከኔ በላይ የሚጮኽ የለም አለች። የአሥር ዓመት ልጅ! ግትርነቱን የወረሰችው ካንተ ነው፣ ከእኔ እንዳይመስልህ።

ቀኑ ደረሰ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጅቡ ኢምፔሪያሊዝም መሆኑ ይገለጽልን ስላሉ አንድ ልጅ መጀመሪያ እሱን አነበበ፤ አጨበጨብንና ወደ ተረቱ ገባን። እማዬ እምቢ ስትል ብትከርምም ከእኔ ቀድማ ለብሳ ጨርሳ ስለነበር የተቀመጥነው ፊት ነው። ከኋላችን ሙሉእመቤት አለች፤ ያቺ ጎረቤታችን፣ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ እንዳይበላው የትንሹን ልጇን የአማንን ፊት በነጠላዋ የምትሸፍነው።

ቡርቱካን፣ አንተ ወደ አሰብ ስትሄድ የተውከውን ጋቢ ተከናንባ፣ እንደ ሽማግሌ እያነከሰች ብቅ ስትል ሰው ሁሉ ዞሮ እኛን አየ። የማን ልጅ እንደሆነች የማያውቅ የለም። እማዬ እጄን ጨብጣ ልትሰብረው ደረሰች። የቤቱ ባለቤቶች የሆኑት ልጆች ለእንግዳው ምን እናቅርብ ሲሉ የኛዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ሥጋውን እናንተው ብሉት፣ ለእኔ አጥንቱ ይበቃኛል አለች። ሰው በሳቅ ፈረሰ። የድሮውን ሳቅ አንተም እኔም እናውቀዋለን፤ ይኼ ሌላ ነበር፣ ዓምሃ። በመጨረሻ ጭራዋ ታይቶ ልጆቹ በዱላ ሲያባርሯት፣ ቀስ በሉ እንጂ ልጅቷን እንዳትጎዷት የሚል ጩኸት ከኋላዬ ሰማሁ። ዞር ስል ሙሉእመቤት ቆማለች። እዚያው አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የውኃ ቦኖው ጋ ልጆች ሲጣሉ ደረስኩ። ጅብ እኔ ነኝ፣ የለም እኔ ነኝ እየተባባሉ ነው! ቡርቱካን እንደ ዳኛ መሐል ቆማ ተራ ታስይዛቸዋለች። ትንሹ አማን ከሁሉም ብሶ ይጮኻል። እናቱ ስታየኝ እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ፤ ከዚያ መልሳ ተወችው። እንዴት አደርሽ ብላ እንስራዬን አሳዘለችኝ። ሁሉ ነገር አለቀ አልልህም፤ ግን ቤት እስክገባ እንስራው አልከበደኝም።

እማዬ ጉንጭህን ሳመችው፣ ለልጅህም ምርቃቷን ልካለች። ባለቤቴ ስለሺ በጣም ናፍቆሃል። ዓለምነሽን ሳምልኝ። ቡርቱካን ለአጎቷ ልጅ ጩኸቱን የማስተምረው እኔ ነኝ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ ብላለች። ጋቢህን አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ፤ ለጭራዋ ብላ ግን መሐሉን ቀድዳዋለች። እኔ አልቆጣትም፤ ልጅህን ይዘህ ና እና ራስህ ተቆጣት።

የምትወድህ እህትህ ታየች
ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.